ግልባጭ፦ ለአያታችሁ

በባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለቀድሞዋ ጸሐፊ መታሰቢያ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ልጃቸው ያደረገችው ንግግር

የተከበራችሁ የትምህርት ቤቱ መምህራንና ሠራተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። እናቴ በግማሽ ሰዓት አንድ ስቴንስል ጽፋ፣ አርማና አባዝታ ታስረክብ ስለነበር፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ጊዜው አነሰኝ ብል የሚሰማኝ የለም።

በሐዘኑ ሰሞን ድንኳን ውስጥ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። «ደግ ነበረች፣ ሩኅሩኅ ነበረች፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር» ተባለ። የሐዘን ቤት ወግ ነውና አመስግኜ ዝም አልኩ። ዛሬ ያለነው ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ክፉ ቃል ከአፏ ይወጣ ነበር። በተለይ ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም እንድትመታ የሚለምናት ሰው ሲመጣ ይወጣ ነበር። ከመካከላችሁ ቁጣዋን ያልቀመሰ የቀድሞ ተማሪ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) እንደገመትኩት ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ስማቸው የሚነሳው ርዕሳነ መምህራን ናቸው፤ ቀጥሎ መምህራን፤ አንዳንዴም ደወል የሚመታው ዘበኛ ይታወሳል። ጸሐፊዋን የሚያስታውሳት ወረቀት የጠፋበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን እንዲህ አምናለሁ፤ መምህር ልጁን ያስተምራል፣ ልጁ መማሩን ሀገር የሚቀበለው ግን ጸሐፊዋ በጻፈችው ነው። እናቴ ይህን በቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ለሰው ያላት ፍቅር የሚታየው በጥንቃቄዋ ነበር። ፍቅሯን በአነጋገሯ ውስጥ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል።

የተወለደችው ዘጌ ነው። በሬ የማይጠመድበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ የሚተዳደርበት ያ ልሳነ ምድር መሆኑ ነው። አያቴ ቡናውንና ማገዶውን በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጣ ነበር፤ በአንዱ ጉዞ ልጁንም ይዞ መጣና አክስቷ ቤት አስቀምጧት ተመለሰ። እንድትማር ነው። ከተማው ያኔ ገና እየተሠራ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከየገጠሩ ሠራተኛ ይስባል። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ወጣቱን ያስጎመጃል። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የፔዳጎጂ አካዳሚው ተጨመረ። ፖሊ እና ፔዳ የምንላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ለሴት ልጅ የተከፈተው በር ግን ጠባብ ነበር፤ ነርስነት፣ መምህርነት፣ ወይም ታይፕ። እናቴ ታይፕን መረጠች። ለምን ብለን ስንጠይቃት «ደም አያሳይም፣ የሰው ልጅ አያስጮህም» ትለን ነበር። ሁለተኛው አልተሳካላትም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚህ ትምህርት ቤት ተቀጠረች፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስም ከዚህ ግቢ አልወጣችም። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሆነ፣ የደብዳቤው መዝጊያ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የነበረው «ከሠላምታ ጋር» ብቻ ሆነ። እሷ ራስጌውንና ግርጌውን ለወጠች፣ መሀሉን ግን እንደ ድሮው ጻፈች።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ምን ዓይነት ዕቃ እንደነበር ወጣቶቹ ስለማታውቁ ጥቂት ልናገር። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በመኪና ለማስጻፍ ፈር ቀደው ከደከሙበት ጊዜ ጀምሮ ችግሩ አንድ ነው፤ ፊደሉ ከ200 ይበልጣል፣ የመኪናው ቁልፍ ግን ሃምሳ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብዙው ፊደል ተቀጣጥሎ ይሠራል፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይታከልበታል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድ ጊዜ የምትመታውን የአማርኛዋ ሁለት ጊዜ ትመታለች ማለት ነው። ስቴንስል ሲሆን ደግሞ ሪባኑ ይነሳና ፊደሉ በቀጥታ ሰም የተቀባውን ወረቀት ይበሳዋል። በለዘብታ የተመታ አይበሳም። ከመጠን በላይ የተመታ እንደሆነ የ«ዐ» ሆድ ተቆርጦ ይወድቅና በፈተናው ወረቀት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስሕተት ሲገኝ የጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ እፍ ይባልበታል፣ እንደገና ይመታል። ከዚያ በኋላ ነው ማባዣው ላይ ተጠምዶ በእጅ የሚዞረው። ክፍሉ ስልሳም ሰባም ተማሪ ይይዝ ስለነበር ማዞሩ ብቻውን ክንድ ያዝላል። ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በሎሚና በኦሞ ታሸው ነበርና፣ በፈተና ሰሞን ስታጎርሰን ከወጡ ቀድሞ አፍንጫችን የሚደርሰው የሎሚው ሽታ ነበር።

እኔና ወንድሞቼ የተማርነው በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። የምንፈተነውን ፈተና የምትጽፈው ደግሞ እናታችን ናት። ጓደኞቼ በዚህ ምን ያህል ይቀኑብኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ ያለ ምክንያት ነበር የሚቀኑት። የተበላሸ ስቴንስል በብርሃን ፊት ከተያዘ ይነበባልና፣ አንዱንም ሳታስቀር ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ታቃጥለው ነበር። እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች፣ አመዱን በጫማዋ ትበትነዋለች። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ስለ ትምህርት አይወራም። የሒሳብ ደብተሬን ይዤ ስጠጋት «ለአያትሽ አሳያት» ትለኛለች። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፊደል አልቆጠረችም። ደብተሩን ግን በጥሞና ታገላብጥና «ጥሩ ነው፣ አጽጂው» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ፤ እናቴን ማየት የሚፈልግ ሰው ማየት የነበረበት ያኔ ነው። በእኛ ከተማ መስከረም የአደይ አበባ ወር ብቻ አይደለም፣ የወባም ወር ነው። ክረምቱ ሲወጣ በሐይቁ ዳርና በየቦዩ የተኛው ውኃ ትንኙን ያፈላዋል፤ እስከ ኅዳር ድረስ በየቤቱ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። እኛ ቤት ተረኛው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እናቴ በግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይር ታድራለች፣ መራራውን ኪኒን በማር ታስውጠዋለች፣ ሊነጋጋ ሲል አያቴን ቀስቅሳ ጨርቁን ታስረክባለች። አባታችን በጊዜ ስለተለየን ሌላ ተረካቢ አልነበረም። ጊዮርጊስን ደጅ ስማ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት እዚህ በር ላይ ናት። ነጠላዋ የታጠበ፣ ጸጉሯ የተጎነጎነ ነው። ሰልፍ የያዘው ወላጅ እንቅልፍ እንዳጣች በምን ያውቃል?

«ዛሬ ሂድ ነገ ና» የሚባለው ነገር ከእሷ መስኮት አልወጣም። በየቢሮው ስንት ሰው በዚህ አባባል እግሩ ቀጥኗል! እሷ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትነግር ነበር፤ መንገር ብቻም አይደለም፣ ከተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ በቁራጭ ትጽፍ ነበር። «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። ያለፈው ዓመት ካርድ። ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጣ መሸኛ፤ ማኅተሙ ፎቶግራፉ ላይ ያረፈ ይሁን።» ከመሸንቲ ወይም ከዘንዘልማ ልጁን ይዞ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሁለተኛ ጉዞው የመጨረሻው እንዲሆን ነው። ማንበብ የማይችል እንደሆነ ደግሞ ቁራጩን የቱ ጋ ለማን እንደሚያስነብብ ትነግረዋለች። ቁጣዋ የሚመጣው ቁራጩን ጥሎ ሲመለስ ነው፤ ያኔ አለመስማት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የልደት ቀን ነበር። ወላጅ ልጁ የተወለደበትን ቀን ያውቃል፣ ግን በቁጥር አያውቀውም። «ጤፍ ሲታጨድ» ይላል፤ «ያ በረዶ የጣለ ዓመት» ይላል። ሰነፍ ጸሐፊ መስከረም 1 ብሎ ያልፋል። እኔ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፤ መስከረም 1 የተወለደው ደንበኛ ብዛቱ ለጉድ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ምዝገባ ላይ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ላግዛት መጥቼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አንድ አባት ልጁን ይዞ ቀረበ። ከሐይቁ ዳር፣ ከነገደ ወይጦ ሰፈር ነው የመጣው። መዳፉ ደንገል ሲቆርጥና ታንኳ ሲያስር ተልጦ ጠንክሯል። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነበር። ለማሳፈር አይደለም የማነሳው፤ ከተማችን ለእነዚህ የጣና ጥንታዊ ነዋሪዎች ምን ዓይነት ፊት ታሳይ እንደነበር እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ወንበር አስመጣችለት። ለሌላው ሰው ወንበር አታስመጣም ነበር።

«ወንድሜ፣ ልጁ መቼ ተወለደ?»

«ጣና የሸሸ ጊዜ ነው» አላት።

ሊረዳ የተመደበው ወጣት መምህር ሳቀ። እናቴ ብዕሯን አስቀምጣ አየችው፤ ሳቁ ቆመ። በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ ማነስም፣ በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫው የሚለቀቀው ውኃም ተደማምሮ ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ ነበር። ጀልባዎች ወደ ወደባቸው መጠጋት አቅቷቸው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እሷም አስታወሰች።

«መሸሽ ሲጀምር ነው ወይስ ጨርሶ ሲሸሽ?»

«ጨርሶ። ዝናቡን ስንጠብቅ።»

«መውሊድ አልፏል?»

ሰውየው ቀና አለ። «አልፏል። መውሊድ ባለፈ በወሩ ነው።»

የዚያ ዓመት መውሊድ መቼ እንደዋለ የምታጣራበት ሰው አላጣችም፤ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩ አንድ ሙስሊም መምህር ነበሩ። ግንቦት 6 ነበር። መዝገቡ ላይ «ሰኔ 7 ቀን 1995 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች። ልጁ ስምንተኛ ክፍልን እዚሁ ጨርሷል፤ ካርዱ ላይ መስከረም 1 የሚል ነገር የለም።

በስምም እንዲሁ ነበረች። ኃይሌ በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ፣ ሠናይት በየትኛው «ሰ» እንደሆነ የልጁን ወላጅ ትጠይቃለች፤ ወላጁ የማያውቅ ከሆነ ራሷ ትወስናለች፣ አንዴ ከወሰነች ግን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያ ፊደል አይለወጥም። ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ስሙ ተጽፎበት ሁለት ሰው አለመሆኑን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ትንሽ አይለውም።

አሁን የምነግራችሁን ታሪክ ከቤተሰባችን ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሊለወጥ በተቃረበበት ሰሞን ትምህርት ቆሟል፣ መምህራን ተበትነዋል፣ ነገ ማን በዚህ በር እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። የወታደር መኪና ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከዘበኛው ጋር ሆና በጋሪ መጣች። ጋሪው ላይ የማዳበሪያ ከረጢቶች ተጭነዋል። አያቴ ጤፍ መስሏት ደስ አላት። ሲፈታ የተማሪዎች ሮስተር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ያለው የውጤት መዝገብ በሙሉ።

አልጋ ሥር ገባ፤ አልበቃም። ከቆጡ ላይ ተሰቀለ። የቀረው እኔ በምተኛበት መደብ ላይ ተደርድሮ ፍራሽ ተነጠፈበት። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ የስድስተኛ ክፍል ውጤታችሁ ላይ ተኝቻለሁ፤ አንዳንዱ ይቆረቁር ነበር። (ሳቅ)

ይህ ብቻ ቢሆን ደፋር ሴት ነበረች ብለን እናልፈው ነበር። እናቴን እናቴ የሚያሰኛት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከረጢቶቹን ከመጫኗ በፊት የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የርክክብ ሰነድ ጽፋለች፤ በሦስት ቅጂ፣ በካርቦን። የመዝገቦቹ ዝርዝር፣ ዓመተ ምሕረታቸው፣ የገጻቸው ብዛት፣ የተቀዳደዱት በስማቸው ተለይተው። አስረካቢ፦ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። ተረካቢ፦ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። ሁለቱም ቦታ ፈርማለች። እማኝ፦ ዘበኛው፣ በጣት አሻራ። አንዱን ቅጂ በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ተወች፣ ሁለተኛውን ለዘበኛው ሰጠች፣ ሦስተኛውን ቤት አመጣች። ብትሞትስ? ወረቀቱን የሚፈልግ ሰው የት እንዳለ ማወቅ አለበት።

ሁኔታው ረግቶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መዝገቦቹ በዚያው ጋሪ ተመለሱ። አዲስ የተመደቡት ርዕሰ መምህር ሊያመሰግኗት ሲጀምሩ «መጀመሪያ ይቁጠሩና ይፈርሙልኝ» አለቻቸው። በቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አውድሞ፣ ተፈናቃይ ወላጆች ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደነበር ማስረጃ አጥተው ሲቸገሩ በየዜናው ስንሰማ፣ እናቴ ምንም አላለችም። ያንን የድሮ የርክክብ ወረቀት ግን ከሻንጣዋ አውጥታ በፕላስቲክ ሸፈነችው።

ስለ እናትነቷ ለብቻው ተናገሪ ተብዬ ነበር። ለመለየት ሞከርኩ፣ አልተለየልኝም። ከቢሮ ስትዘገይ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ትታልን ትሄድ ነበርና፣ አንዱን ይዤ መጥቻለሁ። ላንብብላችሁ።

«ለ፦ ልጆቼ። ጉዳዩ፦ ምሳን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ሽሮው በድስቱ፣ እንጀራው በሌማቱ ውስጥ ስለሚገኝ በሥነ ሥርዓት እንድትበሉ። ትንሹ ልጅ ቃሪያ እንዳይሰጠው። ወደ ሐይቁ መሄድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ግልባጭ፦ ለአያታችሁ።»

አያታችን ማንበብ እንደማትችል ነግሬአችኋለሁ። ግልባጩ ግን እውነተኛ ግልባጭ ነበር፤ በካርቦን ተጽፎ ከአያቴ ትራስ ሥር ይቀመጣል። ማታ እናቴ ስትመለስ አያቴ ታወጣዋለች፣ እኛ ፊት ይነበብላታል፣ ከዚያ ትዕዛዙ መፈጸም አለመፈጸሙን ትመሰክራለች። ወደ ሐይቁ የሄድንበት ቀን ሁሉ በዚህ መንገድ ተጋልጧል። ልጅ ሆኜ ቀልድ አልመሰለኝም ነበር፤ አድጌ ሳነበው ነው እናቴ ብቻዋን ሆና፣ ደክሟት፣ ቢሮ ውስጥ አምሽታ ይህን ስትጽፍ ትስቅ እንደነበር የገባኝ። የፍቅር ደብዳቤ ጽፋልን አታውቅም። የዚህ ዓይነት ወረቀት ግን አንድ ክላሰር ሙሉ አለን።

ጥብቅነቷ ዋጋ አላስከፈላትም አይባልም። አንድ የቅርብ ዘመዳችን የልጁ ዕድሜ በመዝገብ ላይ ሁለት ዓመት እንዲቀነስለት ጠየቃት። በግ ይዞ ነው የመጣው። በጉ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ ብዙ ፋሲካ ሳንጠራራ አለፈ። አያቴ «ዘመድ ይበልጣል» ብላ ለወራት አኮረፈቻት። እኔ አሁንም ቢሆን በጉን መመለሷ ትክክል፣ በአደባባይ መመለሷ ግን ከባድ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ይህን አትቀበልም ነበር፤ «በአደባባይ መጣ፣ በአደባባይ ሄደ» ነው ያለችው።

በእድሩም ጸሐፊ እሷ ነበረች፤ የሴቶቹን እድር ቃለ ጉባኤ ያየ ሰው የምክር ቤት ስብሰባ ይመስለዋል። ልጆቻቸው ጦር ሜዳ ለነበሩ እናቶችም ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። እነሱ እያለቀሱ ይነግሯታል፣ እሷ ቀና ሳትል ትጽፋለች፣ ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምራ ታነብላቸዋለች፤ ያላሉትን አንድ ቃል አትጨምርም። አንዷ «ትንሽ አሳምሪልኝ እንጂ» ብትላት «ልጅሽ የሚናፍቀው ያንቺን አፍ ነው» አለቻት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት መዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፉት አንድ ርዕሰ መምህር ነበሩ። እናቴ ብዙም አልወደደችውም። የተጻፈ ነገር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ታውቃለቻ! የሐይቁ እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል፣ ምስጥ ከታች ይበላዋል፣ አይጥ ከጎን ይጎርሰዋል፣ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል። በየዓመቱ ጥር ላይ ሮስተሮቹን በሙሉ አውጥታ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ታስመታቸው ነበር፤ በርበሬ እንደሚሰጣ ነው የምታሰጣቸው፣ እያገላበጠች። ኮምፒውተር ሲመጣ ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ከወጣቶቹ እኩል ለመደች። ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናዋን ግን አላስረከበችም፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር አይጣልም ብላ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው ቢሮ ሁሉ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከመዝገብ ቤቱ ግን የመኪናው ድምፅ ይሰማል።

በ60 ዓመቷ ጡረታ ስትወጣ ለአዲሷ ጸሐፊ ያስረከበችበት መንገድ በዚህ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ይወራል። ሰዎች ኬክና ስጦታ ይዘው ሲጠብቋት እሷ ቆጠራው አላለቀም ብላ በዓሉን አስተላለፈችው። ስለ ሕመሟ ብዙ አልናገርም፤ አጭር ነበር፣ አእምሮዋም እስከ መጨረሻው አልከዳትም። የሐኪም ቤት ካርዷ ላይ ስሟ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። አሳርማዋለች።

አሁን አንድ ጉዳይ ይቀረኛል፤ ለዚህም ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አግኝቻለሁ። እናቴ ለአዲሷ ጸሐፊ ካስረከበቻቸው ዕቃዎች ውስጥ አንድ የብረት ሣጥን አለ። ውስጡ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቶች ናቸው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ዘምቶ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ተሰዷል፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ ወረቀቱ የጠፋ መስሎት ተቀምጧል። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ ስሙ ላዩ ላይ ተጽፏል። ጡረታ ከወጣች በኋላም እየመጣች ጥቅሉን ትቀይር እንደነበር አዲሷ ጸሐፊ ነግራኛለች።

የስሞቹ ዝርዝር ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የራሳችሁን፣ የወንድማችሁን፣ የጎረቤታችሁን ስም ፈልጉ። ስሙን ያገኘ ሰው መታወቂያውንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ። ራሱ መምጣት የማይችል ከሆነ ወኪሉ ሕጋዊ ውክልና ይዞ ይምጣ፤ ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ወራሽ የፍርድ ቤት ማስረጃ ያቅርብ። «የእሷ ልጅ ታውቀኛለች» ብሎ የሚመጣ ሰው እንዳይደክም፤ እኔ እዚያ የለሁበትም፣ አዲሷ ጸሐፊም የሠለጠነችው በማን እጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መዝገብ ቤቱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። አመሰግናለሁ።